የእትዬ ዘነቡ ትልቋ ኮክ

ኮክ ካልሲ ለብሶ አየሁ። አትሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ መነጽሬን አውልቄ በነጠላዬ ጠረግኩና መልሼ አደረግኩ። ያው ነው። ሐምሌ ጊዮርጊስን አስቀድሼ፣ ዝናቡ ሲያባራልኝ ቁልቁል ወደ ፒያሳ ስወርድ፣ ድሮ የጨርቅ ሱቅ በነበረበት ጥግ አንድ መስታወት በመስታወት የሆነ ፍራፍሬ ቤት ተከፍቷል። ውስጡ እንደ ሠርግ ቤት መብራት በመብራት ነው። ፖሙ፣ ወይኑ፣ ስሙን የማላውቀው ባለ እሾህ ነገር ሁሉ ተደርድሯል። ከመሐላቸው ኮክ! የክረምቱ ኮክ፣ ድሮ ጆንያ ላይ ተቆልሎ የሚሸጠው፣ እያንዳንዱ ፍሬ ለየብቻው የሕፃን ካልሲ የመሰለ ነጭ ነገር ተደርጎለት ተኝቷል። "ስንት ነው የኔ ልጅ?" አልኩት ባለሱቁን። ነገረኝ። "ኪሎው ነው?" "አይ እማማ፣ አንዱ ፍሬ ነው።"

ክው አልኩ። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ ነገ ጨምሮ ውሸታም ያሰኘኛል። ብቻ በዚያ ገንዘብ ድሮ አባዬ ለጥምቀት ከነጫማው ከነካልሲው አልብሶኝ፣ ኬክ ቤት አስገብቶ አጥግቦኝ ይተርፈው ነበር። "በስመ አብ! ምን፣ ወርቅ ውጦ ነው እንዴ?" ብዬ ጮህኩ መሰለኝ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ "ካልሲውን ጨምረው እኮ ነው። እግር ቢያወጣ ደግሞ ጫማ ይገዙለትና ያኔ ጭራሽ አይቀመስም" አለች። ዞር ስል ቀጠን፣ ረዘም ያለች፣ ጥቁር ጃንጥላዋን እንደ ከዘራ የተመረኮዘች፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል ሴት ናት። የአራዳ ልጅ መሆኗን አፏ ይናገራል። ሁለታችንም ሳቅን። ትንሽ ቆይቶ የሚመጣብኝን ባውቅ ኖሮ ሳቁን ትቼ ባንኮኒውን አጥብቄ እይዝ ነበር።

ግን አስቀድሜ ኮክ በኛ ጊዜ ምን እንደነበረ ልናገር፤ አለዚያ ድንጋጤዬ አይገባችሁም። እኔ የተወለድኩት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት፣ ዕድሜዬን ልትቆጥሩበት ነው። ቤታችን ሠራተኛ ሰፈር ነበር። አባዬ ጌታሁን ሾፌር ነው፤ ትሬንታ ኳትሮ የሚሉትን፣ ሲነሳ የሰፈሩን ቆርቆሮ ሁሉ የሚያንቀጠቅጠውን የጭነት መኪና ይዞ አሰብ ይወርዳል። ከሄደ ሳምንታት ይቆያል። ሲመጣ ፀሐይ አጥቁሮት፣ ካኪ ሱሪው ቅባት ጠጥቶ፣ ቴምር በከረጢት ይዞ ነው። እማዬ፣ ወይዘሮ አበበች፣ ደግሞ በክርክር የታወቀች ሴት ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ባለ ጥለት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ኮንጎ ጫማዋን አጥልቃ፣ ዘንቢሏን በክንዷ ይዛ ስትወጣ ነጋዴው እርስ በርሱ ይጠቃቀሳል፤ "መጣችላችሁ!" ይባባላል። ለአንድ መደብ ሽንኩርት ትከራከራለች፣ ጥላ ትሄዳለች፣ ትጠራለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ጥላ ትሄዳለች። እኔ ቀሚሷን ይዤ አብሬ እመላለሳለሁ። እግሬ ይዝላል፣ እሷ ግን ፊቷ ይበራል።

ክረምት ሲገባ የአራዳ ጭቃ ሰው ይውጣል። ከጊዮርጊስ ቁልቁል እስከ አትክልት ተራ ድረስ አህያው፣ ተሸካሚው፣ ጃንጥላው ይተራመሳል። ወይዛዝርቱ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላሉ፤ ባለ ተረከዝ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ የቀረባትን ስንቷን አይተን ስቀናል። ከመሸታ ቤቶቹ የግራሞፎን ዘፈን ይወጣል፤ ሸክላው ያረጀ ስለሆነ አንዱን ስንኝ ሦስት ጊዜ ይደጋግመዋል፣ እኛም እንደዚያው ሦስት ጊዜ ደጋግመን ነው ያጠናነው። እና በዚህ ሁሉ መሐል የኮኩ ሽታ ይመጣል። ከሆለታ፣ ከመናገሻ፣ ከሰበታ በአህያ ተጭኖ፣ ቅርጫት ውስጥ ቅጠል ለብሶ ይገባል፤ ሳታዩት በፊት ይሸታችኋል። እርጥቡን አህያ፣ ጎመኑን፣ የፎርኖውን ዳቦ ሁሉ አልፎ ይመጣል። እንደ ዛሬው ቡጢ የሚያህል አይደለም፤ እንቁላል ቢያህል ነው። አንድ ጉንጩ ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ ሌላው እንዳፈረች ልጅ የቀላ። ጠጉሩ ከንፈር ይበላል፣ አንገት ይበላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በልብስ ማሸት ነው። ትል አለው፣ እሱ የታወቀ ነው። "ትል የናቀውን እኔ ምን ብዬ እበላዋለሁ" ትል ነበር እማዬ። ጎረቤታችን የነበረው ጣሊያን መካኒክ "ፔስካ! ፔስካ!" እያለ በባርኔጣው ሙሉ ይገዛና እዚያው ጭቃ ላይ ቆሞ፣ ጢሙን በጭማቂ እያራሰ ይበላል። መደቡ በአምስት ሳንቲም ነው፤ ሲወደድ በአስር። ያኔም "እሳት ሆነ!" ብለን እንጮህ ነበር።

ከመደቡ በላይ ደግሞ ምርቃት አለ። የገዛ ሰው "መርቂኝ እንጂ!" ይላል፣ ሻጯ አንዲት ፍሬ ትጨምርለታለች፤ ያውም ትንሿን፣ ትል የቀደማትን መርጣ። እትዬ ዘነቡ ግን እንደዚያ አልነበረችም። እትዬ ዘነቡ ከጉራጌ አገር የመጣች፣ ዝምተኛ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ድረስ የምታስር ሴት ናት፤ ግንቡን ተደግፋ ጆንያ ላይ ዘርግታ ትሸጣለች። እማዬ እሷ ዘንድ ስትደርስ ያ ሁሉ ክርክር ይጠፋባታል። የተባለችውን ትከፍላለች፣ ዓይኗን መሬት መሬት ታደርጋለች። ያኔ እትዬ ዘነቡ እጇን ከጆንያው ሥር ትሰድና አንዲት ትልቅ ኮክ ታወጣለች። ከመደቡ ኮክ ሁሉ የምትበልጥ፣ ጉንጯ የቀላ፣ ትል ያልነካት። በነጠላዋ ጫፍ ጠጉሯ እስኪለቅ ታሻታለች። ከዚያ ዘንቢሉ ውስጥ ሳይሆን እጄ ላይ ታስቀምጣታለች፤ "ይቺ የልጅቷ ናት" ትላለች። በልቼ እስክጨርስ ሌላ ደንበኛ አታስተናግድም። ሰው "ኧረ ሴትዮ፣ ስጪን እንጂ!" ይላል፤ አትሰማም። ስጨርስ መዳፏን ትዘረጋልኛለች፣ ዘሩን እዚያ ላይ እተፋለሁ። በየክረምቱ ይኸው ነው። ኮክ መብላት ለሁሉም ልጅ እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

ከኋላዋ፣ ባዶ ቅርጫቶቹ ላይ፣ ልጇ ትቀመጥ ነበር፤ ከእኔ ከፍ የምትል፣ እግሯ ዘንካታ፣ ሁልጊዜ የተኮሳተረች። እኔ ስበላ ዓይኗን ከአፌ ላይ አትነቅልም። ወይ ያ ዓይን! አንድ ቅዳሜ ምላሷን አወጣችብኝ፤ እኔም አወጣሁባት። እማዬ ቆነጠጠችኝ፣ እትዬ ዘነቡ ደግሞ ልጇን በኩርኩም አለቻት።

ሌላም ነገር አለ። በግራ እጄ አንጓ ላይ ቀላ ያለች፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ምልክት አለችኝ። ጎረቤቶች ማርያም የሳመቻት ይሉኝ ነበር። እማዬ ግን፣ "ማርያምስ ትሳማት፣ ይሄ የኮክ ነው" ትልና ያንን ታሪክ ትጀምራለች። ስንት ጊዜ አስደግሜያታለሁ! ብዙ ዘመን አልወለደችም። የአባዬ እኅት፣ "ወንድሜ ዘር ሳይተካ ሊቀር ነው" ብላ ከአገር ቤት ሌላ ሚስት ልታመጣለት ልጅቷን ሁሉ አይታ ነበር። በዚያው ሰኔ እማዬ ገበያ ወጥታ ገና ያልበሰለ፣ ድንጋይ የመሰለ ጥሬ ኮክ መልቀም ትጀምራለች። በኛ አገር ጥሬ ኮክ የምትለቅምን ባለ ትዳር ሴት ማን ይጠይቃታል? አምሯታል፣ አርግዛለች፣ አለቀ። ለነፍሰ ጡር ያማራትን የነፈገ ደግሞ ኃጢአቱ ለሰባት ቤት ይተርፋል ይባላል። አንዷ ሻጭ "እሰይ አበበች!" ስትል ሌላዋ እልል አለች፣ እልልታው እስከ ጊዮርጊስ ደረሰ፣ ዘንቢሏ በነፃ ሞላ። "ያን ቀን አራዳ በሙሉ ኮክ አበላኝ" ትል ነበር እማዬ። ምልክቷንም፣ "አንድ ቀን ኮክ አምሮኝ ጠፍቶ አንጓዬን ያከክሁት ነው ልጄ ላይ የወጣው" ትላለች። ከዚህ የሚበልጥ ተረት ለኔ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ካልሲ ለባሹ ኮክ ልመለስ። አንዷን ላሽትታት ብዬ እጄን ስዘረጋ የሹራቤ እጅጌ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ያቺ ቀይ ምልክቴ ወጣች። ያቺ ሴት ሳቋን ድንገት አቋረጠችና እጄን ያዘችኝ። ስትይዝ ደግሞ አያያዟ!

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሠራተኛ ሰፈር ነበሩ?" አለችኝ።

"ነበርኩ።"

"የሾፌር ጌታሁን ቤት?"

"ልጁ ነኝ፣ አልማዝ። እርስዎ ማን ይሆኑ?"

"ተዋበች። የኮክ ሻጯ የዘነቡ ልጅ። ምላስሽን ያወጣሽብኝ።"

እልል ብል ደስ ባለኝ! ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ሰፈራችን ፈርሶ ሁላችንም ከተማው ዳርቻ ከተበተንን ወዲህ አንድ የድሮ ሰው ማግኘት ማለት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። "እትዬ ዘነቡስ?" አልኩ፤ ሞኝ ነኝ፣ በኛ ዕድሜ እናት ይጠየቃል? "አረፈች፣ ድሮ" አለችኝ። "ነፍሷን ይማር። ያቺን ትልቋን ኮክ እኮ እስካሁን..." ስል ፊቷ ተለዋወጠ። "እሷን ኮክ አታንሺብኝ!" አለች፣ በቁጣ። ከዚያ ደግሞ ክንዴን ይዛ ጁስ የሚጠጣበት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። "ቆመሽ የምትሰሚው አይደለም። እንዳልናገር አደራ ተብዬ ነበር፣ አደራውም ጊዜው አልፏል። እኔም ሳልናገር ብሞት ሰማይ ቤት አይቀበሉኝም።"

"ምን ሆነዋል እርስዎ?" አልኳት።

"እናትሽ ያን ሰኔ ጥሬ ኮክ የለቀመችው ለራሷ አልነበረም።"

"ለማን ታዲያ?"

"ለእናቴ።"

ነገሩን እሷ እንደነገረችኝ ልንገራችሁ። እትዬ ዘነቡ ያኔ ነጋዴ አልነበረችም። ከኛ ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ የሰው ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች። ባሏ ድንጋይ ካባ ውስጥ ሲሠራ ናዳ ገደለው፤ እሷን ከሕፃን ልጇ ከተዋበችና ከገና ያልታወቀ እርግዝና ጋር ጥሏት ሄደ። ሐዘኑና እርግዝናው አንድ ላይ ሆኖ ምግብ አልበላ አላት። አንድ ነገር ብቻ አማራት፣ ጥሬ ኮክ። እማዬ አንጀቷ አልችል ብሎ ገበያ ወጣች። የሆነው ይሄው ነው። ሴቶቹ ሲያዩዋት እልል አሉ። "እናትሽ 'ኧረ እኔ አይደለሁም' ልትል አፏን ስትከፍት" አለች ተዋበች፣ "የአባትሽ እኅት ከሕዝቡ መሐል ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ያቺው፣ ሌላ ሚስት ያሰበችባት። እያለቀሰች 'ይቅር በይኝ አበባዬ' አለቻት። ከዚያ በኋላ ምን ትበል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያውም ከአራዳ አፍ!" እማዬ ቤት ሳትደርስ ወሬው ደርሷል። አባዬ በዚያው ሰሞን ከአሰብ ሲገባ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ነገሩት። ጫማውን አውልቆ በዚያ ጭቃ በባዶ እግሩ ጊዮርጊስ ሄዶ ደጁ ላይ ተደፋ። በማግስቱ እማዬ ፊቷን ሸፍና ጓሮ ገባች። ሁለቱ ሴቶች ተቀምጠው ተላቀሱ። ማን ቀድማ እንደተናገረች እትዬ ዘነቡ ለልጇም አልነገረቻትም።

"ከዚያስ?" አልኩ።

"ከዚያማ ወጉ ራሱ ሠራላቸው። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በሴቷ እናት ቤት አይደል? እናትሽ ሆዷ ላይ ጨርቅ እያሰረች ከረመች። ቀኑ ሲቃረብ እናቷ ቤት፣ ሰላሌ፣ ልትወልድ ሄደች። እናቴን ደግሞ ለእርዳታ ብላ አስከተለቻት፤ የሷን ሆድ በጋቢ ውስጥ ያየ የለም። እኔን አያቴ ዘንድ ላኩኝ። በጥር አንቺ ተወለድሽ። ሲመለሱ እናትሽ ልጅ አቅፋለች። እናቴ ባዶ እጇን ናት። ለሰፈሩ ምን አሉ መሰለሽ? 'ዘነቡም ነፍሰ ጡር ነበረች ለካ፣ ልጇ እዚያው ሞተባት' አሉ። የእናትሽ ጡት ደረቀ ተባለና እናቴ አጥቢ ሆነች። እና ሰዉ ለቅሶ ይመጣል፣ 'እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ሌላ ይሰጥሻል' ይላታል። እሷ አንቺን እያጠባች፣ 'አሜን' ትላለች።"

"ውሸት ነው!" አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። "አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም? የሞተች እናቴን! እማዬ እኮ ሐሜት ስትሰማ እንኳ የምታማትብ ሴት ናት!" ባለሱቁ ደንግጦ ውሃ አመጣልኝ። ባንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። የኔ ዕድሜ ሴት፣ ልጅ የዳርኩ፣ የልጅ ልጅ ያስመረቅኩ፣ ቁጭ ብዬ እናትሽ እናትሽ አይደለችም እባላለሁ? ከዚህ በላይ ምን ድንጋጤ አለ? ተነስቼ ልሄድ ነጠላዬን አጣፋሁ። ተዋበችም አልተቆጣችም፣ አልማለችም። ጃንጥላዋን እያዞረች፣ "እናትሽ እኮ ተከራካሪ ነበረች አይደል?" አለችኝ።

በቃ፣ እሷ ጥያቄ ናት የጨረሰችኝ። ያ ሁሉ አራዳ የሚፈራት ሴት እትዬ ዘነቡ ፊት ስትደርስ ድዳ የምትሆነው ለምን እንደሆነ ዕድሜዬን ሙሉ ጠይቄ አላውቅም። ልጇን የሰጠቻትን ሴት በአምስት ሳንቲም እንዴት ትከራከራታለች? መሬት መሬት የምታየው ዓይኗ መጣብኝ። ሻሽ እስከ ቅንድብ ያሰረችው ሴት፣ የተዘረጋው መዳፏ፣ ደንበኛ ሲጮህባት የማትሰማው። እትዬ ዘነቡ አፍጥጣ የምታየኝ ኮኩን እስክጨርስ ጠብቃ መስሎኝ ነበር! አለቀስኩ። ደግሞ ተናደድኩ፤ በሁለቱም። ደግሞ አዘንኩላቸው። ይሄ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይመጣል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

"ከቤታችን ጓሮ ያስወጣቻት እማዬ ናት?" አልኳት ሲመለስልኝ።

"እናትሽ አላስወጣቻትም፣ ሐሰት አልናገርም። አፍ ስትፈቺ 'እማ' ያልሻት እናቴን ነው። ያን ቀን እናቴ ራሷ 'ከእንግዲህ እዚህ ቤት ብቀመጥ ልጅቷም አይሆንላት፣ እኔም አይሆንልኝ' ብላ ወጣች። እኔንም ከአገር ቤት አስመጣችኝ፤ እሪ በከንቱ ሰፈር ገባን፣ ንግድ ጀመረች። ውላቸው አንድ ነው፤ ኮክ ሲደርስ እናትሽ ይዛሽ ትመጣለች። ሌላ ጊዜ ሰው ይነቃል። በኮክ ጊዜ ግን አራዳ ሁሉ ኮክ ገዥ ነው፣ ማን ልብ ይላል? እናትሽም ለአንድ ክረምት እንኳ አላጓደለችባትም።"

"አባዬስ ያውቅ ነበር?"

"እሱን እንጃ።"

እኔም እንጃ። ብቻ ከአሰብ ቴምር ይዞ በመጣ ቁጥር አንዱን ከረጢት ለይቶ፣ "ይህን ለዚያች ለኮክ ሻጯ አድርሱላት፣ ልጃችንን ትወዳታለች" ይል ነበር። ያን ጊዜ ደግነቱ ነው ብዬ ነበር። አሁን ግን ምን እንደምል አላውቅም።

ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ሁለት አሮጊቶች የሰው ሱቅ ውስጥ፣ ነጠላችንን አፋችን ላይ አድርገን ተቀምጠናል። መቼ እንደሆነ ሳላውቀው 'እርስዎ' ማለቱን ትቼ 'አንቺ' ብያታለሁ። ፊቷን አየሁት፤ አገጯ የኔ ነው፣ ጆሮዋ የኔ ነው። "አንቺ ወፍራም፣ እኔ እንጨት" አለች እያየችኝ፣ "የእናት ሆድ ዥንጉርጉር አሉ።" ልስቅ ስል እሷ አልሳቀችም። ለካ የራሷን ነገር ገና አልተናገረችም ነበር።

"የተፋሽውን ዘር ሁሉ ጓሯችን ትተክለው ነበር" አለች። "አብዛኛው ከሰመ፣ አንዱ በቀለ፣ አፈራ። ያ ዛፍ ያንቺ ነው። ገና ሲያብብ ጀምራ ታየዋለች። ትልቋ ፍሬ የቷ እንደሆነች ለይታ ጨርቅ ታስርባታለች። እኔ ከሥሩ ተቀምጬ አያታለሁ። ስትቀላ አያታለሁ። ሽታዋ ቤት ይገባል። አንድ ቀን በጣቴ ነካኋት፣ ነካኋት ብቻ፣ በዚያች ዝምተኛ ሴት እጅ እንዴት እንደተገረፍኩ! ቅዳሜ ይዘናት እንወጣለን፤ አንቺ ትመጫለሽ፣ ባለ ሪባን ቀሚስሽን ለብሰሽ፣ ፊቴ ትበያታለሽ። እናቴ ደግሞ አንቺን እያየች ትስቃለች። ቤት እኮ አትስቅም ነበር አልማዝ። ልትሞት ስትል እስክትነግረኝ ድረስ፣ ምን አድርጌያት ነው ከኔ ይልቅ የሰው ልጅ የምትወደው እያልኩ ነው ያደግኩት። ከነገረችኝም በኋላ ብሶብኛል። አሁን ድረስ ኮክ አልበላም። ያቺን ትልቋን አንድ ቀን እንኳ አልቀመስኳትም።"

ይህን ስትል እንደ ትልቅ ሰው አይደለም፤ ያቺው ቅርጫት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት። እኔ እናቴ ማን ናት እያልኩ ተቀምጫለሁ። ለካ እኔ ሁለት እናቶች ነበሩኝ፣ እሷ ያለቻትንም አንዷን እኔ ነበርኩ የያዝኩባት። ተነሳሁ። ባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን አንድ በአንድ እያነሳሁ ሳመዛዝን ባለሱቁ "እማማ፣ ሁሉም አንድ ነው" አለኝ። "አንድ አይደለም" አልኩት። ትልቋን፣ ጉንጯ የቀላውን አገኘኋት። የተባለውን ከፈልኩ፤ የአበበች ልጅ፣ ሳልከራከር። ካልሲዋን አወለቅኩላት። በነጠላዬ ጫፍ ጠጉሯ እስኪለቅ አሸኋት፤ የዛሬ ኮክ ጠጉርም የለው፣ ቢሆንም አሸኋት።

"ይቺ የልጅቷ ናት" ብዬ እጇ ላይ አስቀመጥኳት።

ተዋበች ኮኳን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። እንባዋ መጣ። ከዚያ ገመጠች። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና አፏን አፏን አየኋት። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፣ ባለሱቁ "እማማ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ" አለ፤ አልሰማሁትም። ጭማቂው በአገጯ ወርዶ ነጠላዋን አራሰው።

"እንዴት ነው?" አልኳት።

አኘከች፣ ዋጠች፣ አሰበች። "ውሃ ውሃ ይላል" አለች። "ኤዲያ! በዚህ ነው እንዴ ዕድሜዬን ሙሉ የተቃጠልኩት?"

ያኔ ሁለታችንም የሳቅነውን ሳቅ! ባለሱቁ ምን ነካቸው ብሎ ፈራን። ውሃ ውሃ ይላል ያለችውን ግን አልጣለችውም፤ ሥጋው አልቆ ዘሩ እስኪነጣ ድረስ ጋጠችው። ስትጨርስ ዙሪያውን መጣያ ስትፈልግ አየኋት።

መዳፌን ዘረጋሁላት።